ጣሊያኖች 27 ዓመት ያላዩት ፊልም

«የበረሃው አንበሳ»ን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። ሁሌ የሚያስቆመኝ ግን መጨረሻው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቁርአን መምህርና የሊቢያ አርበኞች መሪ ዑመር ሙኽታር ሊሰቀሉ ነው። እሳቸውን የሚጫወተው አንቶኒ ኲን ፊቱን አያኮሳትርም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። መነጽራቸው መሬት ላይ ይወድቃል። አንድ ትንሽ ልጅ ከሕዝቡ መሃል ብቅ ብሎ ያነሳዋል።

የሀለብ ተወላጁ ሙስጠፋ አካድ ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1981 ለዕይታ ሲያበቃ፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን የሸፈነው የሊቢያው የጋዳፊ መንግሥት ነበር። በዚህ ሰበብ ፊልሙን እንደ ፕሮፓጋንዳ ብቻ የቆጠሩት ብዙ ናቸው። የገንዘቡ ነገር መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጣሊያኖች በግብፅ ድንበር 270 ኪሎ ሜትር ያህል የዘረጉትን እሾሃማ ሽቦም ሆነ መቶ ሺህ ያህል ሰው ያጎሩባቸውን ካምፖች ጋዳፊ አልፈጠራቸውም።

ጣሊያንን ያስቆጣት፣ እንደሚመስለኝ፣ ኦሊቨር ሪድ የተጫወተው የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። አይጮኽም፣ አይፎክርም። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ምርኮኛውን በአክብሮት ያነጋግራል፤ ከዚያ ያሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ፊልሙ በጣሊያን «የሠራዊቱን ክብር ይነካል» ተብሎ ታገደ። ጋዳፊ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙኽታር የተያዙበትን ፎቶግራፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሮም ሲገባ ነው ፊልሙ በጣሊያን ቴሌቪዥን የታየው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. 1931 ላይ ያበቃል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ያ ጄኔራል ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ያውቃል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ታረደች፤ በግንቦት ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ። ስለዚህ ሪድ ያንን ጨዋ ፊቱን ሲያሳይ እኔ የማየው ሊቢያን ብቻ አይደለም። ትዕግሥቴ የሚያልቀውም እዚያ ላይ ነው።

ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ስለ ሊቢያም ስለ ኢትዮጵያም የጠየቀው ፍርድ ቤት የለም። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተፈታ። ፊልሙ በጣሊያን ቴሌቪዥን በታየ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከሮም ብዙም በማትርቀው አፊሌ የመታሰቢያ ሐውልት ተሠራለት፤ በሕዝብ ገንዘብ።