«ነጻ» ሶፍትዌርም ውል አለው

የኢንተርኔት ክፍያን ከሌባ ዓይን የሚሰውረው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ዋጋ አይጠየቅበትም። ነጋዴ ግን «በነጻ» ሲባል ውሉን ማንበብ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር ለዓመታት በሁለት ጥምር ፈቃዶች ሲሠራጭ ቆይቷል። በሁለቱም መሠረት፣ ሶፍትዌሩን ጠቅሶ ምርቱን የሚያስተዋውቅ ድርጅት የሠሪዎቹን ስም በማስታወቂያው ላይ ማውጣት ነበረበት። ይህ ግዴታ ጂፒኤል ከሚባለው ፈቃድ ጋር ስለሚጋጭ፣ የሁለቱን ወገን ፕሮግራሞች አዋህዶ ማሠራጨት የሕግ ጣጣ ያስከትል ነበር።

ኮዱ የብዙ ሰው እጅ ስላለበት ፈቃዱን መለወጥ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሠሪዎቹ ስምምነታቸውን ተጠየቁ፤ በሴፕቴምበር 2021 የወጣው 3.0 እትም ወደ አፓቼ 2.0 ፈቃድ ተዛወረ። የማስታወቂያው ግዴታ ቀረ። አሁን አሠራጩ የባለመብቶቹን መግለጫ ይጠብቃል፤ የፈቃዱን ቅጂ ይሰጣል፤ የለወጠውን ፋይል ያመለክታል። በሶፍትዌሩ ላይ የፓተንት ክስ የሚመሠርት ግን በፈቃዱ ያገኘውን የፓተንት መብት ያጣል።

የቀድሞው 1.1.1 እትም ዛሬም በአሮጌው ፈቃድ ሥር ነው፤ የነጻ ጥገናውም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አብቅቷል። ስለዚህ የክፍያ ሥርዓት የሚገዛ ነጋዴ «የትኛው እትም ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያስፍር።