ያገለገለ ሞተር ሳይክል ከመግዛታችን በፊት ምን እንይ?

በወራቤ፣ በሆሳዕና፣ በሻሸመኔ ወይም በሀዋሳ ማለዳ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። መምህሩ ከከተማ ወጣ ወዳለው ትምህርት ቤት፣ የጤና ባለሙያዋ ወደ ጤና ኬላ፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚደርሱት በሞተር ነው። አዲስ ሞተር ግን ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ብዙው ሰው ፊቱን ወደ አገለገለው ያዞራል።

ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። የአንድና የሁለት ዓመት ዕቁብ ነው፤ አንዳንዴም የተሸጠ ከብት ወይም ከዘመድ የተገኘ ብድር ነው። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ከባልደረቦቻችን መካከል በግማሽ ቀን ውስጥ ተዋውለው፣ በወሩ ሞተሩን ጋራዥ ያቆሙ አይተናል። ደመወዙም ሞተሩም አብረው ቆሙ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሦስት ጉዳዮችን ነው፦ የትኛው ሞተር ለየትኛው መንገድ ይሆናል፣ ሞተሩ እንዴት ይመረመራል፣ ወረቀቱስ እንዴት ይጣራል።

መጀመሪያ መንገዳችሁን እወቁ

ብዙ ገዢ የሚጀምረው ከሞተሩ መልክ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከራሱ መንገድ ነው። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮረት? ዳገት አለው? ከኋላ ሰው ትጭናላችሁ? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ሳይኖር ዋጋ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ብቻውን፣ በአብዛኛው ሜዳ በሆነ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ከ100 እስከ 125 ሲሲ ያለው ሞተር ይበቃዋል። ቀላል ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ዳገት ለሚበዛበት ወይም ዘወትር ሰው ለሚጭን ደግሞ 150 ሲሲ ይሻላል፤ ትንሹን ሞተር በየቀኑ እያስጨነቁ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥረዋልና። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ለዕለት ምልልስ አያስፈልግም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ትምህርት ቤቱ 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅ መምህር በቀን ደርሶ መልስ 24 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢቆጠር 528 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ትንሽ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወርኃዊ ፍጆታው 13 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ ታሞ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ግን ፍጆታው ወደ 21 ሊትር ይጠጋል። በወር የ8 ሊትር ልዩነት ማለት ነው። በርካሽ ተገዛ የተባለው ሞተር ልዩነቱን በየወሩ በነዳጅ ማደያው ላይ ያስከፍላል።

መለዋወጫ የሚገኝለትን ምረጡ

በአገራችን ገበያ ከሚታዩት የሕንዶቹ ባጃጅ ቦክሰር እና ቲቪኤስ ይገኙበታል። ባለ ሦስት እግሯን ተሽከርካሪ «ባጃጅ» ያሰኛት ይኸው የሕንድ ኩባንያ ነው። የቻይናዎቹ እንደ ሊፋን ያሉት ሲገዙ ረከስ ይላሉ፤ ሲሸጡም ግን ዋጋቸው ቶሎ ይወርዳል። ያማሃን የመሳሰሉ የጃፓን ሞተሮች ጥንካሬያቸው የተመሰከረ ነው፤ የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን ከበድ ይላል።

ከስም ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ቀላል ሥራ ነው። ወደ ከተማችሁ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ ለምታስቡት ሞተር የፍሬን ሸራ፣ ካቴና፣ የፍሪሲዮን ሸራ እና ካንዴላ ዋጋቸውን ጠይቁ። ባለ ሱቁ «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካለ፣ ያ ሞተር በተበላሸ ቁጥር ሳምንት ትቆማላችሁ ማለት ነው።

ሞተሩን በቀዝቃዛው እዩት

ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «እኛ እስክንመጣ አታስነሣው»። ስትደርሱ የሞተሩን ጎን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ካገኛችሁት ሲነሣ የሚያስቸግር ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። ጤነኛ ሞተር በቀዝቃዛውም ቢሆን ብዙ ሳያንገላታ ይነሣል።

ከተነሣ በኋላ ማርሚታውን ተመልከቱ። በጠዋት ቅዝቃዜ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ እንፋሎት አያስፈራም። ሰማያዊ መልክ ያለው ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል ማለት ነው፤ ጥገናውም ውድ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ይህ በካርቡሬተር ማስተካከያ ወይም በአየር ማጣሪያ ለውጥ ሊድን ይችላል። ዘይት ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራባቸው አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን በተፈጥሯቸው ያጨሳሉ፤ በእነርሱ ላይ ይህ መለኪያ አይሠራም።

ዘይቱንም እዩ። መጥቆር ያለ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። በጣታችሁ ስታሹት የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ደግሞ ከውስጥ የሚበላ ነገር አለ፤ ያን ሞተር ተዉት።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመኑት። ሊቀየር ወይም ሊነቀል ይችላል። የእግር መርገጫው ጎማ፣ የእጅ መያዣው፣ የወንበሩ ጠርዝ ግን አይዋሹም። ቆጣሪው 15,000 እያለ የማርሽ መርገጫው ተበልቶ ካለቀ፣ ማን እውነቱን እንደሚናገር ግልጽ ነው።

አካሉን እና እግሩን መርምሩ

የወደቀ ሞተር ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሻንሲው የተጣመመ ግን አይገዛም። ከኋላ ቁማችሁ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ። በመሪው አንገት ዙሪያ የብየዳ ምልክት ወይም ቦታ የለየ አዲስ ቀለም ካለ ጠይቁ።

የፊት ጎማው ከመሬት ከፍ ብሎ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። መሃል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ወይም ቋ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ጎማውንም ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ መላወስ የለበትም። በፊት ሹካው ዘንጎች ላይ የዘይት እርጥበት ካለ ማኅተሙ አፍስሷል።

ካቴናውን በኋለኛው ጥርስ ላይ እንዳለ በጣታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ብዙ ተላቆ ከታየ አርጅቷል። ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጠምዘዝ ብለው ከሾሉ ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። ይህ ሞተሩን የሚያስጥል ጥፋት አይደለም፤ ዋጋው ግን ከመሸጫው ላይ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ንዱት፤ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ባለሙያ ይንዳላችሁ። ማርሾቹ ሁሉ ሳይዘሉ መግባታቸውን፣ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ሳይጎትት መያዙን፣ ጋዝ ሲሰጠው ጩኸቱ ብቻ ጨምሮ ፍጥነቱ አለመዘግየቱን አጣሩ፤ ጩኸት ብቻ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በመጨረሻ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱንና ጡሩምባውን ሞክሩ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የምታምኑትን መካኒክ አበል ከፍላችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። መካኒኩ የሻጩ ወይም የደላላው ሰው መሆን የለበትም።

ወረቀቱ ከሞተሩ አይተናነስም

ጥሩ ሞተር በመጥፎ ወረቀት ከተገዛ የሰው ንብረት ነው። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካያችሁ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ተመለሱ።

በሊብሬው ላይ ስሙ የሠፈረው ሰው ራሱ ሻጩ መሆኑን በመታወቂያው አረጋግጡ። ዓመታዊ ምርመራው መደረጉን፣ ቦሎው መታደሱን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሰሌዳውን ከሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አጣሩ።

ውሉን በውልና ማስረጃ ፊት ተዋዋሉ፤ ስሙንም ወዲያው አዛውሩ። «በውክልና ንዳው፣ ስሙን በኋላ እናዛውራለን» የሚለው አካሄድ ብዙ ሰው አስለቅሷል። በሕጋችን ውክልና በመርሕ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ከወራሾች ጋር ይካሰሳል።

ከመሥሪያ ቤትና ከተራድኦ ድርጅት በጨረታ የሚወጡ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ታሪካቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገቡ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ ካልተከፈለም ማን እንደሚከፍል ከጨረታው በፊት ጠይቁ። አዲስ አበባ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የፈቃዱን አሠራር ከከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ቀብድም ወረቀቱና ሞተሩ ሳይታይ አይሰጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ሐሳቡን የቀየረ ሻጭ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል።

ነውር መደበቅ፣ ገንዘብ ማግኘት

ስለ ነውር ሕጉም ሸሪዓውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት መደበቅ የለበትም። ፊቅሁ «ኺያሩል ዐይብ» ብሎ የሚጠራው መብት፣ ተደብቆ የነበረ ነውር ያገኘ ገዢ ዕቃውን እንዲመልስ ይፈቅድለታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጩን በድብቅ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢው ግን ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ማሳወቅ አለበት፤ በግልጽ ይታይ ለነበረው ጉድለትም መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ሻጩ በቃል የነገራችሁን በውሉ ላይ አስፍሩ። እናንተም ነገ ሻጮች ናችሁና ይህ ለሁለቱም ወገን ነው።

ገንዘብ ለሚያንሳችሁ ዕቁብ አሁንም ጥሩ መንገድ ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች በሙራባሃ ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው ትርፋቸውን ገልጸው በክፍያ ይሸጣሉ፤ ያገለገለ ሞተር የሚያስተናግዱ መሆኑን ግን ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት ጠይቁ። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለሞተሩ አታውጡ። ከመቶ አሥራ አምስቱን ያህል ለስም ማዛወሪያ፣ ለዘይት፣ ለጎማና ለመጀመሪያ ጥገና አስቀሩ። ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁም የመጀመሪያው ሥራ ዘይት መቀየር ይሁን።

ከሞተሩ ጋር የሚገዛ ሌላ ነገር

የራስ ቁር አዲስ ይገዛ። አንዴ በኃይል የተመታ ቁር ውስጡ መሰባበሩ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ያገለገለውም ምን እንደደረሰበት አይታወቅም። ለኋለኛው ተሳፋሪም አንድ ይጨመር።

እህቶቻችን ከኋላ ሲቀመጡ የአባያ፣ የጅልባብ ወይም የነጠላ ጫፍ በካቴናው ወይም በጎማው ሽቦ ተይዞ ከባድ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። የካቴናው መሸፈኛና በኋላ ጎማው ጎን የሚደረገው የልብስ መከላከያ ብረት ካለ አይነቀል፤ ከሌለ ብየዳ ቤት ማሠራት ብዙ ወጪ የለውም። ከመነሣታችሁ በፊትም ጫፉ መሰብሰቡን እዩ።

ገበያ ሄዳችሁ ሦስት ሞተር አይታችሁ ሦስቱንም ብትተዉ አልከሰራችሁም። ደላላው «ዛሬ ካልወሰድከው ነገ የለም» ይላል፤ ነገም ሌላ ሞተር ይመጣል። አላህ በመንገዳችሁ ይጠብቃችሁ።