የሥነ ምግባር አጣብቂኝ በውይይት መድረክ

የሕክምና ሥነ ምግባር መርሆዎች በየተራ ሲነበቡ እምብዛም አያከራክሩም። የታካሚን ፈቃድ ማክበር፣ ምስጢሩን መጠበቅና ጉዳት አለማድረስ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር የጤና ባለሙያ አይኖርም። ችግሩ የሚፈጠረው አንዱን መርህ ማክበር ሌላውን መጣስ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለውን አጣብቂኝ ለሕዝብ ካቀረቡ ዝግጅቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የተላለፈው «ሥነ ምግባር በአሜሪካ» የተሰኘው ባለ10 ክፍል ተከታታይ ውይይት ነው። የዝግጅቱ ጠንሳሽ ፍሬድ ፍሬንድሊ ቀደም ሲል የሲ.ቢ.ኤስ. የዜና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጣቢያው ስለ ቬትናም ጦርነት በሴኔት ይሰጥ የነበረውን ምስክርነት በቀጥታ ባለማስተላለፉ ሥራቸውን ለቀዋል።

የውይይቱ ስልት ቀላል ነው። እንደ ቻርለስ ኦግልትሪ ያሉ የሕግ መምህራን አንድ ምናባዊ ታሪክ ያቀርባሉ፤ ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ ጋዜጠኞችና የጦር መኮንኖች የሚጠየቁት «ምን ያስባሉ?» ተብለው ሳይሆን «አሁን ምን ያደርጋሉ?» ተብለው ነው። መልስ በተገኘ ቁጥር ታሪኩ ይበልጥ እየተወሳሰበ ይሄዳል። ከክፍሎቹ አንዱ የሚበጀውን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው ወይስ ታካሚው የሚለውን ጥያቄ ያነሳ ሲሆን፣ የአገሪቱ ሰርጅን ጄኔራል የነበሩት ዶክተር ኤቨረት ኩፕ ተሳትፈውበታል።

ስልቱን ለማሳየት የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ የተገኘበት አንድ ባለትዳር ውጤቱ ለባለቤቱ እንዳይነገር ይጠይቃል። ብዙዎች ምስጢሩ ይጠበቅ ይላሉ። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ሆና ወደዚያው ጤና ጣቢያ ብትመጣስ? ምርመራ አልፈልግም ብትልና ቫይረሱ ወደ ፅንሱ እንዳይተላለፍ የሚረዳው መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ እያለፈ ቢሄድስ? አዋላጇን «ባለቤቴ ጤነኛ ነው?» ብላ ፊት ለፊት ብትጠይቃትስ? እያንዳንዱ እርምጃ የመጀመሪያውን መልስ እንደገና ያስፈትሻል።

ውይይቱ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ የአገርን ሕግና የሙያ ደንብንም አይተካም። ጥቅሙ ባለሙያው ውሳኔውን በምክንያት እንዲያስረዳና የሌላውን ወገን ጭንቀት እንዲረዳ ማስገደዱ ነው። ለዚህም ካሜራ አያስፈልግም። የታካሚው ማንነት የማይታወቅበት አንድ ጉዳይ፣ ጥሩ አወያይና ጥቂት ጊዜ ካለ በጠዋት ስብሰባ ላይ ሊሞከር ይችላል። ሆኖም ነርሷና ተለማማጁ ሐኪም ከአለቆቻቸው አስቀድመው ቢናገሩ ይመረጣል፤ አለቃ ከተናገረ በኋላ የተለየ ሐሳብ ማቅረብ ይከብዳልና። በሌሊት ተረኝነት፣ አማካሪ በሌለበት፣ ድንገት ለሚገጥም ውሳኔ የተሻለ ዝግጅት የሚኖረው ጥያቄውን አስቀድሞ የተወያየበት ባለሙያ ነው።