ላቦራቶሪውን ማን ይፈትነዋል?

እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጣቸው አስቀድሞ የታወቀ የሽንት ናሙናዎችን የተራ ታካሚ ሽንት አስመስሎ ወደ 13 ላቦራቶሪዎች ላከ። ላቦራቶሪዎቹ እየተፈተኑ መሆናቸውን አላወቁም። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። ኮኬይን ካለባቸው ናሙናዎች አንዱንም ያላገኘ ላቦራቶሪ ነበር። የባሰው ደግሞ ሜታዶን ከሌለባቸው ናሙናዎች 66 በመቶውን «አለባቸው» ብሎ የፈረደው ነው።

በዓመቱ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ መሆናቸውን እንዲመረምሩ አዘዙ። የሰው እንጀራ በእንዲህ ዓይነት ላቦራቶሪ እጅ ሊወድቅ ሲል የሠራተኛ ማኅበራት ፍርድ ቤት ሄዱ። ኮንግረሱም በ1987 ምርመራው በሳይንሳዊ መመሪያና በላቦራቶሪ ዕውቅና እንዲታሰር ሕግ አወጣ፤ መመሪያው በ1988 ታተመ። የጉምሩክ ሠራተኞች ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 በ5 ለ4 ድምፅ ምርመራው ጸና።

ዕውቅናው በቀላሉ አይገኝም። አመልካቹ ሦስት ዙር የሙከራ ናሙና በትክክል መመርመር አለበት፤ ተቆጣጣሪዎችም በአካል ሄደው ያዩታል። ካለፈም በኋላ የሙከራ ናሙናው በየሦስት ወሩ ይመጣል፣ ቁጥጥሩም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ንጹሕ ናሙና ላይ ዕፅ «ማግኘት» ዕውቅና ሊያስነጥቅ የሚችል ጥፋት ነው። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ብቻ ማንም የማይፈረድበት፤ በረቀቀ መሣሪያ በድጋሚ መረጋገጥ አለበት።

መሣሪያው ግን የክርክሩ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ጥያቄ ስንት ሲገኝ «አለበት» ይባል የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው ሰው ነው። የኦፒየም ዝርያዎች መነሻ ልክ በአንድ ሚሊሊትር 300 ናኖግራም ነበር። የፖፒ ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ የበላ ሁሉ ተጠርጣሪ እየሆነ ስላስቸገረ በ1998 ወደ 2,000 ከፍ ተደረገ። ማሪዋናስ? ቅሪቱ ከሽንት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ላይም ለሳምንታት ይቆያል። ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ ቅሪቱ መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ ሰውየው ሥራ ላይ ሰክሮ እንደነበር አይናገርም። በእኔ እይታ የሥርዓቱ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ የላቦራቶሪው ጥራትም አይደፍነውም።

የትራንስፖርት ሠራተኞች ናሙናም የሚሄደው ወደነዚሁ ላቦራቶሪዎች ነው። በአሜሪካ ከባድ መኪና የምትነዱ ወገኖቻችን፣ ክፍለ ግዛታችሁ ማሪዋና ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ እንደማይፈቅድ እወቁ። ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም «ተገኝቶብሃል» ካላችሁ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ናሙናችሁ ተከፍሎ የተቀመጠበት ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ እንዲመረመር ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።