የታሰረው ቦንዳ ውስጥ ምን አለ?

ያገለገለ ካርቶን ወደ ወረቀት ፋብሪካ የሚገባው በመጭመቂያ ማሽን ተጠቅጥቆ፣ በሽቦ ታስሮ ነው። አንዱ ቦንዳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። ሂሳቡ የሚሠራው በክብደት ስለሆነ ውሃውም፣ ፕላስቲኩም፣ አሸዋውም በወረቀት ዋጋ ይገዛል። መርካቶ የሳልባጅ ቦንዳ ሳይፈታ የሚገዛ ነጋዴ ዕድሉን ይሞክራል፤ በየቀኑ መኪና የሚያራግፍ ፋብሪካ ግን በዕድል መኖር አይችልም። ናሙና መውሰድ አለበት።

ዞር ዞር ብሎ ማየት ርካሹ ዘዴ ነው። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ የተሳሳተ ጭነት ከሩቅ ይለያል። ይሁን እንጂ የቦንዳው ፊት ዝናብ የመታው፣ ፀሐይ ያደረቀው ክፍል ነው፤ የመሐሉን አይናገርም። ጫኚውም ደህና ደህናውን ወደ ውጭ ማዞር ያውቅበታል።

የአውሮፓ ፋብሪካዎች እርጥበትን ለማወቅ መሰርሰሪያ ይጠቀማሉ። ጫፉ ጥርስ ያለው ባዶ ቱቦ እየተሽከረከረ ወደ ቦንዳው ይገባና ከውስጥ የቆረጠውን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ናሙናው ወዲያው አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል፤ ይመዘናል፤ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ ውሃው ነው። የአውሮፓው የደረጃ ዝርዝር ኢኤን 643 መነሻ አድርጎ የሚይዘው 10 በመቶ እርጥበትን ነው። 25 ቶን ጭነት 10 በመቶ ውሃ ከያዘ ደረቁ 22.5 ቶን ይሆናል፤ 16 በመቶ ከሆነ 21 ቶን። ገዢው ለአንድ ቶን ተኩል ውሃ የወረቀት ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

መሰርሰሪያው የራሱ ጣጣ አለበት። የሰበቃው ሙቀት ከናሙናው ውሃ ያተንናል፤ ስለታም ካልሆነ ደግሞ ይብሳል። ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ አንድ ጥግ ላይ የተወሸቀ የፌስታል ክምር ያመልጠዋል። በእኔ እምነት ለእርጥበት ያገለግላል፤ ለባዕድ ነገር ግን እሱን ማመን ራስን ማታለል ነው።

ለባዕድ ነገር ቦንዳውን ከመፍታት የተሻለ የለም። ሠራተኛው ወደ ጎን ቆሞ ሽቦውን ይቆርጣል፤ የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል። ወረቀቱ ይዘረገፋል፣ ይደባለቃል፣ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ተወስደው ሁለቱ ይተዋሉ፤ ለመያዝ እስኪበቃ እንዲህ ይቀነሳል። ከዚያ በእጅ ተለቅሞ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ይመዘናል። ጉልበትና ሰዓት ይበላል፤ ለዚህም ነው ከአንድ መኪና ጥቂት ቦንዳ ብቻ የሚፈታው። በኢንፍራሬድ ብርሃን ፕላስቲክን ከወረቀት የሚለይ መሣሪያም አለ። ፈጣን ነው፤ የሚያየው ግን ብርሃኑ የነካውን ብቻ ነው።

የቱ ይፈታ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል። የናሙና አወሳሰድን ንድፈ ሐሳብ ያቆመው ፈረንሳዊው ፒየር ዢ (1924–2015 እ.ኤ.አ.) መነሻው ማዕድን ነበር። ሕጉ ግን ለካርቶንም ይሠራል፦ የጭነቱ እያንዳንዱ ክፍል የመመረጥ እኩል ዕድል ይኑረው። ለፎርክሊፍቱ የቀረበውን ማንሳት ይህን ሕግ ይጥሳል። ቦንዳዎቹን ቆጥሮ በዕጣ መምረጥ ይሻላል። ቁጥር ማብዛትም ይረዳል፤ ነገር ግን ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቻይና በ2018 እ.ኤ.አ. ከውጭ በሚገባ ወረቀት ውስጥ የሚፈቀደውን ባዕድ ነገር ከ1.5 ወደ 0.5 በመቶ ስታወርደው ይህ ሁሉ ይበልጥ የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ከ700 ኪሎ ቦንዳ 0.5 በመቶ ማለት 3.5 ኪሎ ነው። አንድ የረጠበ ምንጣፍ ገደቡን ያልፋል፤ እሱ ያለበት ቦንዳ በዕጣው ካልወጣ ደግሞ ወረቀቱ ንጹሕ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻይና ደረቅ ቆሻሻ ማስገባትን ጭራሹን ስትከለክል፣ ጭነቱም ክርክሩም ወደ ሕንድ፣ ቬትናምና ኢንዶኔዥያ ወደቦች ዞረ።