ከኅብረ ዜማ የተቀነጨበ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1992 ዲፕ ፎረስት የተባለ የፈረንሳይ ቡድን «ስዊት ላላባይ» የሚል የጭፈራ ሙዚቃ አወጣ። ዓለም የወደደው ድምፅ ግን የቡድኑ አልነበረም። በሰሎሞን ደሴቶች አፉናክዋ የተባለች ሴት ያንጎራጎረችው እሹሩሩ ነው፤ ሁጎ ዜምፕ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ቀድቶት ነበር። ወላጆቹን ያጣ ሕፃን የሚባበልበት እንጉርጉሮ ከበሮ ተጨምሮበት ገበያውን ሞላ። ዜምፕም ፈቃዱ እንዳልነበረበት ተናግሮ በይፋ ተቃወመ።

አሠራሩ ሳምፕሊንግ ይባላል። ባለሙያው ከተቀዳ ሙዚቃ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቆርጣል፣ ፍጥነቱን ከምቱ ጋር ያስማማል፣ እየደጋገመ ያጫውተዋል፤ በዙሪያው ቤዝና ከበሮ ይደረድራል። ዘፋኞቹ ናስና ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተቀነጨበ ድምፅ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ስለሚታወቅ ማን እንደሚጠየቅ አያጠራጥርም።

ወደ ጋሞ ደጋ ሲወጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ተቀባዮቹ ግን ሁሉም አንድ ዜማ አይዙም። አንዱ ከፍ ባለ ድምፅ ሲጮህ ሌላው ክፍተቱን ጠብቆ ይገባል፤ ሦስተኛው ከሥር ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል። ይህን ኅብረ ዜማ የሙዚቃ ተመራማሪው በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ድምፅ ቆርጦ ማውጣት ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ ለብቻው የወጣው ድምፅ ግን ዘፈኑ አይደለም፣ የሚመልስለትን አጥቷል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ መብት ይሰጣል። መንደር በሙሉ ከአያቶቹ የወረሰው ዜማ ግን ደራሲው ማን ይባላል? በእኔ እምነት የሚጠየቅ አካል ጠፍቶ አይደለም። ለምሳሌ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል የምታየው ኦቾሎ የጋራ ጉዳይዋን በጉባኤ የምትመክር የጋሞ መንደር ናት፤ ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ የጻፈው ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓቷን አጥንቶ ነው። ጋሞዎች ነገር የሚጨርሱበት የጉባኤ ቦታ፣ ዱቡሻም፣ ዛሬ ድረስ አለ።

ስለዚህ መቅረጫ ይዛችሁ ወደ ጋሞ የምትወጡ ፕሮዲዩሰሮች፣ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ። የመንደሩን ስም፣ ቀኑንና የዘፋኞቹን ስም ከነተቀባዮቹ መዝግቡ፤ ዘፈኑ ገንዘብ ካመጣም ድርሻው ለማን እንደሚደርስ ከመቅዳታችሁ በፊት ተስማሙ።