የማቆሚያና የገመድ ነገር

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤት ተከራይተን የምንማር ሰዎች ለኮምፒዩተራችን ዕቃ ስንገዛ ሁለት ጠላት አለብን፤ አንዱ የጠረጴዛችን መነቃነቅ፣ ሁለተኛው የመብራት መጥፋት።

የታብሌት ማቆሚያ ስንመርጥ መልኩን ትተን እግሩን እንይ፤ ጣት ሲያርፍበት የሚንገዳገድ አይረባም። የገመድ ማሳለፊያም ይኑረው፤ ታብሌቱ በመሰኪያው ላይ ከተጫነ የቻርጅ ቀዳዳው ይላላል።

ከባዱ ነገር የውጭ ዲስክ ነው። ለአንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የተመደበለት 500 ሚሊአምፔር፣ ለ3.0 ደግሞ 900 ነው፤ ይህን ኪቦርድ፣ ማውስና ዲስክ በአንድ ማከፋፈያ ሲሻሙት ዲስኩ ኃይል ያንሰዋል። ከግድግዳ ኃይል የሚወስድ ማከፋፈያ ግዙ ይባላል። ምክሩ መብራት ለማይጠፋበት አገር ደግ ነው፤ በእኛ ክፍል ግን መብራቱ ሲሄድ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ሊቋረጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ እንሰካው፤ ማከፋፈያውን ለኪቦርዱና ለማውሱ እንተውላቸው።